በሐኪምነት ስም ቤት አታስይዙ

በቅርቡ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በተደረገ የተማሪዎች ምረቃ በዓል ላይ አንድ ተናጋሪ ማይክሮፎኑን ይዘው፣ «ልጃችሁ ሐኪም እንዲሆን ከፈለጋችሁ ቤታችሁን አስይዛችሁም ቢሆን ስም ያለው ኮሌጅ አስገቡት» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። ያጨበጨቡት ሌሊቱን ታክሲ ሲነዱና በአረጋውያን መጦሪያ ሲሠሩ የሚያድሩ ወላጆች መሆናቸው እስካሁን ያንገበግበኛል።

የተናጋሪው ምክንያት «የሕክምና ትምህርት ቤቶች መጀመሪያ የሚያዩት የኮሌጁን ስም ነው» የሚል ነበር። ሐሰት ነው! ከሁሉ በላይ የሚመዝነው የኮሌጅ አማካይ ውጤትና ኤምካት፣ ማለትም ከኮሌጅ በኋላ ሕክምና ትምህርት ቤት ለመግባት የሚወሰደው ፈተና ነው። ኤምካት ደግሞ ውድ ኮሌጅ ለገባ አይቀልም፤ ዝቅተኛው 472፣ ከፍተኛው 528 የሆነው መለኪያ ለሁሉም አንድ ነው።

ስም ያለው ኮሌጅ ብዙ ጊዜ ልጆቻችንን ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ። ገና በመጀመሪያው ዓመት በመቶዎች ከሚቆጠሩ ተማሪዎች ጋር ኬሚስትሪ ያስቀምጣቸዋል። ብዙዎቹ ያንኑ ትምህርት በውድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስቀድመው የቀመሱ ናቸው፤ ውጤት የሚሰጠውም ከእነርሱ ጋር በማነጻጸር ነው። የእህቴ ልጅ የደረሰባት ይኸው ነው። ከክፍሏ አንደኛ ስትወጣ የኖረች ልጅ በኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ሲ አገኘች፤ አማካሪዋም «ሌላ ሙያ አስቢ» አላት። ደግማ ተምራ ኤ ብታመጣ እንኳ፣ የአመልካቾችን ውጤት የሚያሰላው ማእከላዊ የማመልከቻ አገልግሎት ሁለቱንም ይቆጥራል እንጂ የፊተኛውን አይሰርዝም። በሁለተኛው ዓመት ማብቂያ ሕክምናን ተወች። ኮሌጁ «ካመለከቱት ተማሪዎቻችን አብዛኞቹ ሕክምና ገብተዋል» ብሎ ሲመካ እርሷ አትቆጠርም፤ አላመለከተችምና። ያ የሚያኮራው ቁጥር የተገኘው እንደ እርሷ ያሉት በመንገድ ስለቀሩ ነው።

ኒው ኦርሊንስ ያለውን ዛቪየር ዩኒቨርሲቲ ተመልከቱ። ትንሽ የጥቁሮች ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ፣ ጥቁር ተማሪዎችን ለሕክምና ትምህርት ቤት በማብቃት ለብዙ ዓመታት ከግንባር ቀደሞቹ አንዱ ነው። እርሱ ከራቀን እዚሁ ደጃችን የባልቲሞር ካውንቲው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ አለ። ለሞደርና የኮቪድ ክትባት መሠረት በጣለው ምርምር የተሳተፈችው ኪዝሜኪያ ኮርቤት የተማረችው እዚያ ነው። ለዚህ ማን ቤት አስያዘ?

ምክሩ ዛሬ ደግሞ ይበልጥ አደገኛ ሆኗል። በ2025 የጸደቀው ሕግ ከጁላይ 2026 ጀምሮ አዲስ የሕክምና ተማሪ ከፌዴራል መንግሥት የሚበደረውን በዓመት በ50 ሺህ፣ በጠቅላላ በ200 ሺህ ዶላር ገድቦታል። የጎደለውን ከግል አበዳሪ ሲጠይቅ ዋስ ሁን የሚባለው ያው ወላጅ ነው። ቤቱ ለኮሌጅ ተይዞ ካለቀ በምኑ ዋስ ይሆናል?

ኮሌጁ ሙሉ ወጪውን ከሸፈነ ይግባ፣ አልከራከርም። የእህቴ ባል ግን ይህን ዕድል አላገኘም። ዛሬም ማታ ማታ ታክሲ ይነዳል፤ ልጁ ላልደረሰችበት ሐኪምነት የተበደረው ዕዳ ገና አላለቀም።