ለደጋጎቹ ገዳዮች የቀረበ ምስጋና

የአሜሪካ ኮሚክ (የሥዕል ታሪክ መጽሔት) አሳታሚዎች የዋሉልን ውለታ እስከ ዛሬ ተገቢውን ምስጋና አለማግኘቱ ያሳዝነኛል። ሌላው ደራሲ ገጸ ባሕርዩን አንዴ ከገደለው ገደለው ነው፤ እነሱ ግን ጀግናውን በክብር ገድለው፣ አንባቢውን አስለቅሰውና የመጽሔቱን ዋጋ ተቀብለው ሲያበቁ፣ «የሞተው የሌላኛው ዓለም ሰው ነው» እያሉ እንባ የሚያብሱ ደጋግ ሰዎች ናቸው።

የዚህ ደግነት መሠረት የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1961 ዲሲ የተባለው አሳታሚ ባወጣው «ፍላሽ» መጽሔት 123ኛ እትም ሲሆን፣ ባሪ አለን የተባለው ሯጭ ጀግና በልጅነቱ ኮሚክ ላይ ብቻ ያነበበውን የቀድሞውን ፍላሽ፣ ጄይ ጋሪክን፣ ሌላ ምድር ላይ በአካል አገኘው። አንድ ስም ለሁለት ጀግና እንዴት ተሰጠ ብሎ ለሚጠይቅ ነገረኛ አንባቢ ከዚህ የተሻለ መልስ ከየት ይመጣል? ምድሮቹ ግን እየበዙ ሄደው ባለቤቱን ራሱን ግራ ስላጋቡት፣ ዲሲ በ1985 በጀመረው ባለ 12 ክፍል ታሪክ ጠራርጎ አንድ አደረጋቸው፤ ባሪም በዚያው መሥዋዕት ሆነ። ነፍስ ይማር ያላችሁ ቸኩላችኋል፤ በ2007 ዓለማቱ 52 ሆነው፣ በ2008 ደግሞ ባሪ እየሮጠ ተመልሰዋል። እንደ ባሕር ዛፍ በተቆረጡ ቁጥር ማቆጥቆጥ ነው እንጂ!

በዚህ መሀል አንዳንድ ሥርዓት የለሽ ሥራዎች መውጣታቸው አልቀረም። በ2003 የታተመው የዲሲ «ሬድ ሰን» ሕፃኑን ሱፐርማን ያሳረፈው እንደ ዋናው ታሪክ በአሜሪካዋ ካንሳስ ሳይሆን በሶቪየት ዩክሬን የጋራ እርሻ ላይ ነው። ደረቱ ላይ ማጭድና መዶሻ ያነገበው ይህ ሰው ልቡ ቅን እንደሆነ አገር ገዥ ይሆናል፤ ለሰው ሁሉ ደኅንነት ሲጨነቅም የሰውን ሁሉ ነፃነት ይነጥቃል። የልጆች ፒጃማ ሽያጭ የተንጠለጠለበት የዋናው ዓለም ሱፐርማን እንዲህ ያለ ጥፋት አጥፍቶ ዕዳውን እንዲከፍል ማን ይፈቅድለታል? ሥራው ግን ይቅር የማይባል አንድ ጉድለት አለበት፤ በሦስት እትም ያልቃል።

የዲሲ ተፎካካሪ የሆነው አሳታሚ ማርቭል እንዲህ ያለውን ጉድለት በማረም የታወቀ ነው። በ1973 የስፓይደርማን ፍቅረኛ ግዌን ስቴሲ ከድልድይ ስትወረወር ድሩ ይደርስላታል፤ አንገቷ አጠገብ በትናንሽ ፊደላት የተጻፈችው የስብራት ድምፅ ግን፣ ሊያድናት የተዘረጋው እጅ ራሱ ሳይገድላት እንዳልቀረ ትናገራለች። አንባቢ ያቺን ድምፅ ተሸክሞ እንዳይኖር በ2014 ኃይል ሰጪዋ ሸረሪት በፒተር (በስፓይደርማን) ፋንታ ግዌንን የነደፈችበት ሌላ ዓለም ተከፈተ። እውነቱን ለመናገር አጀማመሩ ድንቅ ነበር፤ በዚያ ዓለም የሞተው ፒተር ነውና ሐዘኑ ባለቤት ለወጠ እንጂ አልጠፋም።

ከሁሉ የላቀው ርኅራኄ ለማይልስ ሞራሌስ የተደረገው ነው። ይህ ልጅ በ2011 የስፓይደርማንን ጭምብል ያጠለቀው በእሱ ዓለም የነበረው ፒተር ፓርከር ስለሞተ ነበር፤ በ2013 እናቱም ሞተችበት። ፒተር በ2014 ከሞት ተመልሶ መጣ። በ2015 ያ ዓለም ሲፈርስ ደግሞ ማይልስ ወደ ዋናው ዓለም ተዛወረ፤ እናቱም በሕይወት ጠበቀችው። ምክንያቱ ምን ይመስላችኋል? ዓለማትን የመሥራት ኃይል የነበረው ሞለኪውል ማን ርቦት ሳለ ማይልስ የሰነበተ በርገር ስለሰጠው፣ ውለታ መመለሱ ነው።

የእናት ሞት በአንድ በርገር የሚሰረዝበትን ይህን ቸር ገበያ እያደነቅሁ፣ ለሚቀጥለው የጀግና ሞት ሒሳባችሁን አስቀድማችሁ እንድትከፍሉ በትሕትና እጠይቃለሁ፤ የቀብሩና የትንሣኤው ልዩ ሽፋኖች ለየብቻ ይሸጣሉ።