አምፖሉ ብቻ አይደለም

ስለ ሆስፒታል ዲዛይንና ኃይል ቁጠባ ያነበብኩት ጽሑፍ ሆስፒታሎች ኃይል ለመቆጠብ አምፖላቸውን በኤልኢዲ (ትንሽ ኃይል በሚፈጅ አምፖል) ይቀይሩ ይላል። ጥሩ ነው፣ ግን ብዙው ኃይል የሚባክነው እዚያ አይደለም። እኔ ሰሜን ሸዋ ደጋው ላይ ባለ አንድ ሆስፒታል ጥገና ክፍል ነው የምሠራው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ ወደ ቆላው፣ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ ደግሞ በዚያው ወር ማራገቢያ ያስፈልጋችኋል። ለሁለቱም አንድ ዓይነት የሆስፒታል ዲዛይን ይዞ መምጣት ምን የሚሉት ነው?

እኛ ጋ የሙቅ ውሃ ቧንቧው ሽፋን የለውም። ቦይለሩ (ውሃውን የሚያሞቀው ማሽን) ቀን ከሌሊት ይሠራል፣ ውሃው ግን ማዋለጃ ክፍል እስኪደርስ ይበርዳል። አራስ እናት በዚያ ብርድ በቀዝቃዛ ውሃ ስትታጠብ ማየት ያማል። መጀመሪያ ቧንቧው ይሸፈን! ከዚያ ጣሪያው ላይ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ይተከል (ደጋው ቢበርድም ፀሐይ አለው፣ ብቻ ውርጭ የሚችለው ዓይነት ይሁን)። ውሃውን የሚያዞሩት ፓምፖችም ሁልጊዜ በሙሉ ጉልበት ነው የሚሠሩት። ፍጥነት መቆጣጠሪያ ቢገጠምላቸውና ፍጥነታቸው በግማሽ ቢቀንስ፣ የሚፈልጉት ኃይል በስሌት ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል።

ቀዶ ሕክምና ክፍል ላይ ግን ጥንቃቄ ይደረግ። ኃይል ለመቆጠብ ተብሎ የአየር ለውጡ (ማሽኑ የክፍሉን አየር በንጹሕ የሚተካበት መጠን) የሚቀነሰው ክፍሉ ባዶ ሲሆን ብቻ ነው፣ ያኔም የኮሪደሩ አየር እንዳይገባ የክፍሉ የአየር ግፊት ከኮሪደሩ በልጦ መቆየት አለበት። የቲቢ ክፍል ተቃራኒው ነው፣ አየሩ ወደ ኮሪደር መውጣት የለበትም። እባካችሁ ዲዛይኑ ሲከለስ እኛንና ነርሶቹንም ጠይቁ፣ የትኛው ቧንቧ የት እንደሚያፈስ እናውቃለን።