ተቆጣጣሪው ምን ይዞ ይቅጣ?

ስለ ዝቅተኛ ደመወዝ የወጣ አንድ ጽሑፍ «የሥራ ተቆጣጣሪ ከበዛ አሳንሶ የሚከፍል አሠሪ ይቀጣል» ይላል፤ ይህ ሐሳብ እዚህ ኮምቦልቻ አይሠራም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝን የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል አለ እንጂ የብር መጠን አልጻፈም፤ ታዲያ ምን ይዞ ይቅጣ? የተጻፈውስ መች ተከበረ! ልብስ ስፌት ፋብሪካ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ የተሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.75 መባዛት ሲገባው የሚከፈለን በመደበኛው ሒሳብ ነበር። ተቆጣጣሪ ሲመጣም ከሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሳያልፍ ሰነድ አገላብጦ ይመለሳል። በጽሑፉ ሥር በሰጡት አስተያየት «ለምን አትከሱም?» ላሉት ወንድሜ፦ አብራኝ አንድ ክፍል የተከራየችው የሐይቅ ከተማ ልጅ የሰዓት መዝገቧን በስልክ ፎቶ አንስታ ልዩነቱን ስለጠየቀች ውሏ ሳይታደስ ቀረ፤ የቤት ኪራዩን ሁለት ወር ብቻዬን ከፈልኩ። መጀመሪያ የደመወዙ ወለል በብር ይጻፍ፤ ተቆጣጣሪውም ማሽኑ አጠገብ መጥቶ ሠራተኛዋን ለብቻዋ ይጠይቃት።