ክብር ለአልፋ!

ሰሞኑን ደሴ ላይ አንድ የተተረጎመ የጤና መጠይቅ እጄ ገባ። ውስጣዊ ወጥነቱ፣ ማለትም ጥያቄዎቹ ምን ያህል አብረው እንደሚሄዱ፣ ተለክቶ ክሮንባክ አልፋ የሚባለው ቁጥሩ ከ1 0.94 ሆኗል። 0.70 እንደ ማለፊያ በሚቆጠርበት ሙያ ይህ ማዕረግ ነው። ከዚህ በኋላ ማን ደፍሮ ጥያቄዎቹን ያነባል?

እኔ ባለጌው አነበብኳቸው። ጤናዎ ጎልፍ ከመጫወት ያግድዎታል ወይ? ይላል አንዱ። ኤስኤፍ-36 በተባለው የእንግሊዝኛ የጤና መጠይቅ ላይ ጎልፍ ስላለ ተመራማሪያችን ለምንጩ ታምነው እንዳለ አሳለፉት። ደግ አደረጉ! የሰኞ ገበያዋ እማማ ስለ ጎልፍ ካልተጠየቁ ማን ሊጠየቅ ነው? እስቲ ከጦሳ ግርጌ ኳሷን ይምቷት። ፒያሳን አቋርጣ፣ በባጃጅ ሥር ሾልካ፣ የሐረጎን ጥምዝምዝ ተንከባላ ኮምቦልቻ ትገባለች። እማማ ዱላቸውን ታቅፈው በሚኒባስ ይከተሏታል፤ ረዳቱ ለዱላው ለብቻ ሒሳብ ይጠይቃል፤ ተከራክረው ሲወርዱ ኳሷ ቦርከና ውስጥ ናት። አሁን "በጣም ያግደኛል" ቢሉ የታመመው ጉልበታቸው ነው ወይስ ዳገቱ?

እማማ ግን "አልሐምዱሊላህ፣ ደኅና ነኝ" ብቻ አሉ። መረጃ ሰብሳቢው ከላይ እስከ ታች "ምንም አያግደኝም" ላይ ምልክት አደረገ። ቀጥሎ የመጣው ችኩል ሰውዬ ሁሉንም "በጣም" ብሎ ሄደ። አልፋ የሚወደው እንዲህ ያለውን ነው፤ ሰው ለሁሉም አንድ ዓይነት ይመልስ እንጂ ጥያቄው ገባውም አልገባውም ግድ የለውም። አንዱን ጥያቄ በአምስት መልክ ቢደጋግሙለት ጭራሽ ይፋፋል። ሰው አስቦ የመለሳት የእንቅልፍ ጥያቄ ብቻ ከሌሎቹ ጋር አልሄድ አለች። አልፋን ዝቅ ታደርጋለች ተብላ ተሰረዘች።

እዚያው ጥራዝ ውስጥ ፒኤችኪው-9 የተባለው የድብርት መጠይቅ አለ። ዘጠነኛው ጥያቄ ሞትን ስለ መመኘት ነው። ይህንን አንዲትን ሴት፣ አማቷ አጠገቧ ተቀምጠው እየሰሙ፣ "ይሄ እንኳን የለብሽም አይደል?" ብሎ ጠይቆ ዜሮ መሙላት ነውር ነው! ሴትዮዋ በሠንጠረዡ ጤነኛ ሆና ትቀራለች፤ ተመልሶ የሚጠይቃት የለም። ክሮንባክ እ.ኤ.አ. በ1951 ስለ አልፋ ሲጽፉ ጥያቄዎች ምን ያህል አብረው እንደሚሄዱ መለኪያ ሰጡ እንጂ ለእንዲህ ያለ ሥራ መሸፈኛ አልሰጡም።

ለማንኛውም ትርጉሙ እንከን የለውም ተብያለሁ። ትርጉም የሚፈተነው ሌላ ሰው ወደ ምንጩ ቋንቋ ሲመልሰው ነውና፣ አማርኛውን ወደ እንግሊዝኛ መልሶ የተረጎመው ማን ነው ብዬ ጠየቅሁ። ቀድሞ ወደ አማርኛ የተረጎሙት ሰውዬ ራሳቸው ናቸው። ሁለቱ ተርጓሚዎች በአንድም ቃል አልተለያዩም።