የጠፈርተኞች አማተር ሬዲዮ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ አይደለም

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ጠፈርተኞች አማተር ሬዲዮ (ሰዎች ፈቃድ አውጥተው ለንግድ ሳይሆን በፍላጎታቸው የሚነጋገሩበት ሬዲዮ) የሚይዙት ብቸኝነትን ለመርሳት ነው ማለቱ ሐሰት ባይሆንም፣ እኔ ትልቁ ምክንያት የምለውን ዘሎታል። እርግጥ ነው፣ በ1983 እ.ኤ.አ. «ኮሎምቢያ» በተባለችው የጠፈር መንኮራኩር ሆኖ ከምድር አማተሮች ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ የተነጋገረው አሜሪካዊው ጠፈርተኛ ኦወን ጋሪዮት ከወጣትነቱ ጀምሮ ሬዲዮ ወዳድ ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጡ ብዙዎች ግን ፈቃዱን ያወጡት ለበረራ ሲዘጋጁ ነው፤ ከሚጠብቃቸው ሥራ አንዱ ከተማሪዎች ጋር መነጋገር ነውና።

ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በታላቅ ፍጥነት ስለሚጓዝ፣ በአንድ ትምህርት ቤት ሰማይ ላይ ከ10 ደቂቃ ብዙም አይቆይም። ስለዚህ ተማሪዎቹ ተሰልፈው ተራ በተራ ይጠይቃሉ፣ ጥያቄያቸውን «ኦቨር» (ጨርሻለሁ፣ ተራው ያንተ ነው) ብለው ይዘጋሉ፣ መልሱም በቀጥታ ከላይ ይመጣል። ለአንድ ልጅ ከዚህ የበለጠ የሳይንስ ትምህርት አላውቅም። በዚያ ላይ መሣሪያው ዋናው የመገናኛ መስመር ቢቋረጥ በመጠባበቂያነት ያገለግላል። በ145.800 ሜጋኸርዝ የሚላከውን የጠፈርተኞች ድምፅ ደግሞ ጣቢያው በላያችን ሲያልፍ ይህን ሞገድ በሚይዝ ተራ የእጅ ሬዲዮ መስማት ይቻላል፤ ጽሑፉ ይህንንም ቢጨምር አንባቢው ራሱ ይሞክረው ነበር።