ወሎ ሆይ፣ ደግነትህን አሰልጥነው

ከደሴ እስከ ቆቦ፣ ከባቲ እስከ መካነ ሰላም ያላችሁ ወገኖቼ፣ እናቶችም አባቶችም፣ የቅሬ (የእድር) ዳኞችም፣ ሼሆችም ቀሳውስትም፣ ዛሬ የምናገረው ስለ ልጆቻችሁ የሙያ ምርጫ ነው። ቃሌ ቢጎረብጣችሁም እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

ምዝገባ ሲከፈት ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኮሌጅ በር ላይ ትቆማላችሁ። «አካውንቲንግ ያዢ፤ አይሲቲ ያዝ፤ ካልሆነም ኤሌክትሪክ» ትላላችሁ። የማህበረሰብ አገልግሎት የሚለው ስልጠና ጋ ስትደርሱ ግን አታዩትም። ልጅቱ ፈልጋ ብትመርጠው እንኳ «በሽተኛ ለመጠየቅና ሽማግሌ ለመጦር ደግሞ ኮሌጅ ይገባል? እናትሽ መቼ ተምራ ነው?» ብላችሁ ታስጥሏታላችሁ። ወንድ ልጅ ከመረጠውማ ቤቱ ሁሉ ለቅሶ ይሆናል። ይህ አነጋገር በየቤቱ ተለምዷል። እኔ ግን ብዙ ሰው የጎዳ ስህተት ነው እላችኋለሁ፤ የጎዳውም የምንወዳቸውን ሰዎች ነው።

ደግነታችንን የሚክድ የለም። እስላሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ የሚቀባበርበት፣ በአንድ ወዳጃ (የጸሎት ስብስብ) ዱዓ የሚያደርግበት፣ ደም የተቃባን ሰው አበጋሮች መሀል ገብተው የሚያስታርቁበት አገር ነው። በ2013 ክረምት ማብቂያ በጦርነቱ ከራያ ቆቦና ከወልድያ የተፈናቀለው ሕዝብ ደሴ ሲገባ፣ ትምህርት ቤቶቹ ሲሞሉ፣ ከየቤቱ እንጀራ ከነመሶቡ፣ ብርድ ልብስ ከአልጋው ላይ ተነስቶ ወጥቷል። ማንም አላዘዘም። ይህን ማንም አይነጥቀንም።

ነገር ግን በዚያው ሰሞን፣ በአንዱ መጠለያ ውስጥ፣ አንዲት ልጅ በሰው መሀል ተቀምጣ «ምን አደረጉሽ? ስንት ነበሩ? ፊታቸውን ታውቂዋለሽ?» እየተባለች ስትጠየቅ አይቻለሁ። ጠያቂዎቹ ክፉዎች አልነበሩም፤ አንዷ እንባዋ እየወረደ ነበር የምትጠይቃት። ልጅቱ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ስትጠቀልል፣ ስትፈታ፣ ደግሞ ስትጠቀልል ቆየች። አንድም ቃል አልወጣትም። ሴቶቹ ሲነሱ ግን ወሬው አብሯቸው ተነሳ፤ በነጋታው ቡና የተፈላበት ቦታ ሁሉ የእሷ ነገር ይወራ ነበር። እሷ ከክፍሉ ጥግ መውጣት አቆመች።

ሙያው ያላት አንዲት ሰው እዚያ ብትኖር ምን ታደርግ ነበር? መጀመሪያ የከበባትን ሰው በዘዴ ትበትነው ነበር። ውሃ አቅርባ፣ ገለል ያለ ቦታ ፈልጋ፣ «መናገር ካልፈለግሽ አትናገሪ፤ እኔ አጠገብሽ ነኝ» ትላት ነበር። የሆነውን አንድ በአንድ አታስነግራትም፤ ቁስልን ሳይዘጋጁ መነካካት ሁለተኛ ጉዳት እንደሆነ ተምራለች። ሰዓቱንም ታሰላለች። ለተደፈረች ሴት ኤች አይ ቪ እንዳይይዛት የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ፈጥኖ ሲጀመር ደግሞ የተሻለ ነው። እርግዝና የሚከላከለውም እስከ 5 ቀን ነው የሚሰራው። ይህን የምታውቅ ሰው በመጀመሪያው ቀን ይዛት ሆስፒታል ትሄዳለች፤ ወረቀቷንም ለማንም በማይታይ ማህደር ትይዘዋለች።

እዚህ ላይ ሽማግሌዎቼን ልገስጽ። በሰላሙም ጊዜ ልጅ ስትደፈር «በሽምግልና እንጨርሰው፤ ስሟ እንዳይጠፋ» እያላችሁ ከደፋሪው ቤተሰብ ጋር ስትመላለሱ 72 ሰዓቱ ያልቃል። ካሳው ይቆረጣል፣ ምንጣፉ ይነሳል፣ ልጅቱ ግን ከነበሽታዋና ከነጽንሷ ልትቀር ትችላለች። እርቅ ማውረድ ክቡር ሥራ ነው፤ የተደፈረች ልጅ ጉዳይ ግን የሐኪምና የሕግ ነው። ከእናንተ የሚፈለገው መንገድ መልቀቅ ነው።

ሌላም አለ። የቅሬያችን ሰዎች ግማሽ ጎናቸው የሰነፈባቸውን አንዲት እናት ልንጠይቅ ሄድን። ቤቱ ሞልቷል፤ «አላህ ያሽርዎት»፣ «እግዜር ይማርዎት» ይባላል፤ ቡናው ይፈላል። እማማ በጀርባቸው ተኝተዋል። ልብሱ ሲገለጥ ከወገባቸው በታች ያለው ቆዳ ተልጦ ሥጋው ታየ፤ ተረከዛቸውም ጠቁሯል። የመኝታ ቁስል ነው። አንድ ጎን ላይ ብዙ ሲቆይ አጥንቱ ቆዳውን ተጭኖ ደም ይከለክለዋል፤ በዚያ ላይ እርጥበት ሲጨመር ይልጠዋል። መከላከያው ደግሞ ውድ አይደለም፤ በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ጎን መቀየር፣ በጉልበቶቹ መሀል ትራስ ማድረግ፣ ተረከዙን ከፍራሹ ማንሳት፣ አንሶላውን ደረቅ አድርጎ መወጠር፣ ቀልቶ የማይመለስ ቦታ እንዳለ በየቀኑ ማየት ነው። ያ ሁሉ ጠያቂ ሲገባ ሲወጣ ይህን ያደረገ አልነበረም።

የልጃቸው ልጅ እዚያው ቤት ነበረች። ወደ ሳውዲ ልትሄድ ሰልጥና፣ የብቃት ምዘናውን (ሲኦሲ) አልፋ፣ ቪዛ የምትጠብቅ ልጅ ናት። ስልጠናው ላይ ሰው የሚያህል አሻንጉሊት እያገላበጠች ተምራዋለች። ለምን አያትሽን አታገላብጫቸውም ስንላት ምን አለች መሰላችሁ? «ሞክሬ ነበር፤ የመጣው ሁሉ ተያቸው፣ አታንገላቻቸው፣ በሽተኛ አይነካም ይለኛል።» ያወቀችውን እንዳትሠራ ያደረግናት እኛ ነን። ዕድሜያችንን አክብራ እጇን ሰበሰበች፤ እማማም ቆሰሉ።

የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ማለት ይሄ ነው። በ2008 የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ወደ ዐረብ አገር የሚሄድ ሰው ሰልጥኖ የብቃት ማረጋገጫ እንዲይዝ አስገድዷል። ስለዚህ ለጅዳና ለሪያድ አሮጊት ሲሆን ልጃችን እንድትሰለጥን ብር እንከፍላለን፣ ከገጠር ከተማ እናመላልሳታለን፣ ቤት እንከራይላታለን። ለደሴና ለመርሳ አሮጊት ሲሆን «ይሄ ምን ስልጠና ይፈልጋል» እንላለን። ዐረብ አገር መሄዷን አልነቅፍም፤ ስንቱ ቤት በዚያ ብር እንደቆመ አውቃለሁ። የምወቅሰው፣ ያው እውቀት ለባዕድ ሲሆን ሙያ፣ ለእኛ ሲሆን ከንቱ መባሉን ነው። ከዚያ ተሰባብራ የተመለሰችውን፣ ሌሊት የምትጮኸውን፣ ሰው የማታናግረውን ልጅስ ማን ነው የሚይዛት? በየቀበሌው ስንቷ አለች! ቤተሰብ ይደብቃታል፣ ጎረቤት ያንሾካሹካል። ጠበሉም ዱዓውም ይሁንላት፤ አብሮም የአእምሮ ሐኪም ዘንድ የሚያደርሳት፣ መድኃኒቷን እንዳታቋርጥ የሚከታተል፣ ቤተሰቡን ቁጭ አድርጎ የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋታል። ይህ ሥራ ስም አለው፣ የማህበረሰብ ድጋፍ ይባላል፤ ሰልጥነው የሚይዙት ሥራ ነው።

ይህን ከማንም በፊት ማወቅ የሚገባን እኛ ወሎዎች ነበርን። የ1966ቱ ረሃብ የከፋው በእኛ ላይ ነው፤ በ1977 የኮረምን ሜዳ ዓለም ያየው በእኛ ሬሳ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በዚያን ጊዜው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የማህበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ባለሙያ ያወጣ ነበር። አብዮቱ ሲመጣ ተዘጋ፤ 30 ዓመት ያህልም ራሱን ችሎ ሳይከፈት ቆየ። በ1977 ሕዝባችን በየመጠለያው ሲፈስ አገሪቱ ባለሙያ የምታወጣበት በር ዝግ ነበር ማለት ነው። እህል ሲመጣ እህል ተሰፈረ። ነገር ግን ስሙና ቀዬው በቅጡ ሳይመዘገብ ወደ ማሳደጊያ የሚገባ ሕፃን አድጎ ዘመዱን ሲፈልግ መነሻ ያጣል፤ አንዲት መስመር መጻፍ የሚችል፣ ምን መጠየቅ እንዳለበት የሚያውቅ ሰው በሰዓቱ ባለመኖሩ ብቻ ዕድሜ ልኩን ወገን አልባ ይሆናል። ይህን የቀመሰ ሕዝብ ሙያውን ሲንቅ ማየት ያማል።

«ሴት ልጅ አንድ ዓመት ተምራ ምን ትለውጣለች?» የሚል ካለ ጤና ኤክስቴንሽንን ያስታውስ። በ1995 እና በ1996 ሲጀመር 10ኛ ክፍል ያጠናቀቁ ልጃገረዶች ለአንድ ዓመት ሰልጥነው፣ 16 የጤና ፓኬጆች ይዘው፣ ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሁለት ሆነው ገቡ። «ያላገባች ልጅ ስለ ወሊድ ልታስተምረን ነው?» ተብሏል፤ ከበር የተመለሱ አሉ። ዛሬ ግን ነፍሰ ጡር ቤት ያለው ሁሉ መጀመሪያ የሚደውለው ለእነሱ ነው። በአገር አቀፍ ጥናት ከ1000 ሕፃናት 5 ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት በ1992 ዓ.ም. 166 ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 67 ሆኑ። ሁሉን እነሱ ሠሩት አልልም፤ ያለ እነሱ ግን አይሆንም ነበር።

የማህበረሰብ ድጋፍ ሠራተኛም እንዲሁ ቦታ አላት፣ ቦታ አለው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ያለ ወላጅ የቀሩ ልጆችን እንዲደግፍ ያዛል። ሴፍቲኔት ከ1997 ጀምሮ በወሎ ገጠር፣ ከ2009 ጀምሮ ደግሞ በደሴ ከተማ መሥራት የማይችለውን ሰው በቀጥታ ድጋፍ ይይዛል። ግን ስም ዝርዝሩን የሚያወጣው ማን ነው? ቤት ለቤት ገብቶ ካላየ፣ ስብሰባ መውጣት የሚችለው ይመዘገባል፤ በር ዘግታ የተኛችው ትቀራለች። ቤት የሚገባ፣ የሚያየውን የሚመዝን፣ የሰው ምስጢር የሚጠብቅ፣ ወደ ሐኪሙም ወደ ፍርድ ቤቱም ወደ ወረዳው ማህበራዊ ጉዳይም የሚያገናኝ ሰው ከሌለ አዋጁም በጀቱም ከቢሮ አይወጣም።

እናንተ ሠልጣኞች ደግሞ፣ ሌቭል 3 እና ሌቭል 4 የያዛችሁ ልጆቼ፣ ለሲኦሲ ጥያቄ መልስ ሸምድዶ ማለፍ ሙያ አያደርጋችሁም። የቴክኒክና ሙያ ስልጠና 70 በመቶው ተግባር፣ 30 በመቶው ንድፈ ሐሳብ ይሁን የተባለው ለወጉ አይደለም። ለትብብር ስልጠና ወደ ሥራ ቦታ ወጥታችሁ ፊርማ ብቻ ሰብስባችሁ የምትመለሱ ከሆነ፣ ነገ የምትገቡበት ቤት ያለውን ሰው ታጎሳቁላላችሁ። የሰውን ገመና ሰምታችሁ ለጓደኛ የምታወሩ ከሆነም ሥራውን ዛሬውኑ ተዉት። አሰልጣኞችም፣ የሰው እጅ ያልነካ ሠልጣኝ አታስመርቁ።

አስተዳዳሪዎች ሆይ፣ እነዚህን ልጆች በ«በጎ ፈቃደኛ» ስም ያለ ደመወዝ ማሠራት ይብቃችሁ። በጎ ፈቃድ ለሳምንት ነው፣ ለወር ነው። ዓመት ሙሉ የሌላውን ሐዘን የሚሸከም ሰው እንጀራ መብላት አለበት፤ አለዚያ ከነልምዱ ጥሎ ይሄዳል፣ የሄደበትንም አገር ታውቁታላችሁ።

አሁን ወደ ቅሬዎቻችን ልመለስ፤ ዋናው ሸክም የእነሱ ነውና። ቅሬ ለሞተ ሰው ድንኳን፣ ሸክላ፣ ወንበር ገዝቶ አለው። በሕይወት ላለ የአልጋ ቁራኛ ግን ምን ገዛ? ከየወሩ መዋጮ ትንሽ ተቀንሶ አንዲት ሰልጣኝ ይዞ፣ በሳምንት የተወሰነ ቀን በሽተኛ ያለበትን ቤት እንድትዞር ማድረግ ይቻላል። አንድ ቅሬ ካልቻለ ሦስቱ ይተባበሩ። ዳኛው በስብሰባ ላይ ተነስቶ «ይህች ልጅ የእኛ ናት፤ ቤታችሁ ስትገባ የምትለውን ስሙ» ቢል ግማሹ ሥራ ተሠራ። ያለ እሱ ቃል ማንም አያስነካትም፤ አይተናል። ለተግባር ልምምድ ቦታ የሚያጡ ሠልጣኞችንም ቅሬው ራሱ ኮሌጁን ጠይቆ ይቀበል።

አባቶች፣ ወንዶች ልጆቻችሁንም ላኩ። ሽንቱን መቆጣጠር ያልቻለ ሽማግሌ ገላውን ሴት ልጅ እንድታጥበው ያፍራል፤ ሳይታጠብ ይውላል። በጦርነቱ እግሩን ያጣው ጎረምሳ ልቡን የሚከፍተው ለወንድ እኩያው ሊሆን ይችላል። ይህን ሥራ የሴት ብላችሁ ስትተዉት ግማሹን በሽተኛ ያለ አስታማሚ አስቀራችሁት።

በሚቀጥለው ምዝገባ ልጃችሁ ይህን ሙያ ብትመርጥ አታስጥሏት። ከመወሰናችሁ በፊት ኮሌጁ ድረስ ሂዱና አሰልጣኙን ጠይቁ፤ በየትኛው ደረጃ እንደሚሰጥ፣ ልምምዱ የት እንደሆነ፣ ምዘናው መቼ እንደሆነ ይንገራችሁ። ከዚያ ፎርሙን እሷ ትሙላው።