ኒር አውቶማታ የሚባለው ጌም ክሬዲት (መጨረሻ ላይ የሚወጣው የሠሪዎቹ ስም ዝርዝር) ስለወጣ አላለቀም (እርማት)

ወንድሜ «ኒር አውቶማታን ጨርሻለሁ፣ ሁለተኛ ዙር ያው ድግግሞሽ ነው» ያልከው ልክ አይደለም፣ ብዙ ሰው ነው እንደዛ የሚለው እኔም ብዬው አውቃለሁ። ጌሙ በ2017 የወጣ ነው፣ ከኤ እስከ ዜድ 26 ማለቂያ አለው፣ አብዛኞቹ ለቀልድ የገቡ ናቸው ዋናዎቹ ግን 5 ናቸው፣ አንተ ያየኸው «ኤ»ን ብቻ ነው። በሁለተኛው ዙር የምትጫወተው በናይን ኤስ ነው (መጀመሪያው ዙር ላይ አብሮህ የሚዋጋው ልጅ)፣ መንገዱ ይመሳሰላል አልክድም፣ ግን ልጁ ሃክ ስለሚያደርግ (የማሽኖቹን ሲስተም ሰብሮ ስለሚገባ) ውጊያው ራሱ ሌላ ነው፣ ደግሞ መጀመሪያ ዝም ብለህ የቀጠቀጥካቸው ማሽኖች ውስጣቸው ምን እንደነበር ያሳይሃል፣ ያቺ ኦፔራ ዘፋኝ ቦስ (ከባዷ ጠላት) እንኳን ታሪኳን ስታውቅ አንጀትህን ትበላዋለች። ሦስተኛው ላይማ ጭራሽ አዲስ ታሪክ ነው። ኤ ሲያልቅ እኮ ጌሙ ራሱ ድገሙኝ የሚል መልእክት ያወጣል፣ ማን ያነባል እንጂ።

እኔ እዚሁ ጂማ ፕሌስቴሽን ቤት በሰዓት እየከፈልኩ ነበር የምጫወተው፣ ክሬዲቱ ሲወጣ ጆይስቲኩን አስረክቤ ልወጣ ስል የቤቱ ልጅ «አቦሉን ብቻ ጠጥተህ የት ነው?» አለኝ። ሴቭህን ካላጠፋኸው ከዛው ቀጥል፣ ሌቭልህም መሳሪያህም አብሮህ ይሄዳል።